ወደ ታች የማይዘጋው ሕዋስ

ሰንጠረዡ በሦስተኛው ክንፍ አየር ሞልቶ እንደተረፈ ይናገራል። ሲስተር አመለወርቅ ደግሞ በዚያው ክንፍ ሰው ቆሞ እያለ ዝልፍልፍ ብሎ እንደሚወድቅ ነገረችው። ናሁሰናይ ማንን እንደሚያምን ቸገረው። ሰንጠረዡ መዋሸት አይችልም፤ ሲስተሯም ነገር ማጋነን ልማዷ አልነበረም።

ጨረቃ ላይ በተሠራችው በአድማስ ከተማ ሰው አየሩን የሚያገኘው ከዚህ የጋራ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሕዋስ፣ ማለትም የሚያስፈልገውን አየር የሚጽፍባት አንዲት ሳጥን አለው። የጎረቤቱን ያያል እንጂ አይነካም። በራሱም ቢሆን ከተፈቀደለት በላይ ልጻፍ ሲል ሳጥኗ እንቢ ትላለች። ሕዋሶቹን የሚዘጉት ቁልፎች ጠባቂ ናሁሰናይ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረው ሌባ ነበር። የቁልፎቹን ታሪክ ሲመረምር ግን የሰው ሕዋስ የነካ አላገኘም። የክንፉ ሰው ሁሉ የቀነሰው የገዛ ራሱን ነው፤ የቀነሰውም የናሁሰናይ ሚስት ትርሲት በወለደችበት ሳምንት።

ጎረቤቱን እትዬ ዘርትሁንን ደጃፋቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው አገኛቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«እትዬ፣ አየርዎን ቀንሰዋል።»

«ማን ነገረህ?»

«ሰንጠረዡ።»

«እሱ ደግሞ ወሬ አያድርበትም» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አራስ ጎረቤት እያለችኝ እኔ አሮጊቷ ደረቴን ነፍቼ ልተንፍስ? ምን ይዤ ልጠይቃት? እዚህ ገንፎ የለ፣ ቅቤ የለ።»

«እኛ ቤት እኮ ምንም አልደረሰም። የተረፈውን ሰንጠረዡ ወደ ብረት ማቅለጫው ይልከዋል። ለማን እንደተዋችሁት አያውቅም።»

እትዬ ዘርትሁን ከግድግዳው ቀና ለማለት ሞከሩ። «እንግዲያውስ ወደ ልጅህ እንዲሄድ አድርገዋ። ቁልፉ በእጅህ አይደል?»

በእጁ ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃን እስኪመዘገብ የራሱ ድርሻ ስለሌለው የሚተነፍሰው ከወላጆቹ ላይ ነው። ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ትርሲት ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ሳታስጠጋ እንቅልፍ አይወስዳትም። አንዲት ትእዛዝ ብትጻፍ ልጁ እንደልቡ ይተነፍሳል። እኚህ ሴትዮ ግን ይወድቃሉ። ወዲያው ሌላው ጎረቤት «እሳቸው ቀንሰው እኔማ እንዴት እቀራለሁ» ብሎ ይቀንሳል።

ከተማዋን የሠሩት ሰዎች ስስትን ፈርተው ሕዋሱን ወደ ላይ ዘግተውታል። ወደ ታች ቁልፍ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ናሁሰናይም ጠባቂ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ ትዝ ብሎት አያውቅም።

«ልትዘጋብን ነው መሰል» አሉ እትዬ ዘርትሁን ፊቱን አይተው። «እዚህ ሁሉም ነገር በመስፈሪያ ነው። ለሰው የምንሰጠው የቀረን ይኸው ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ብለው ነበር። ትርሲትም ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ በር ላይ ቆማለች። ናሁሰናይ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ዛሬውኑ የሁላችንንም ሕዋስ ወደ ታች እዘጋዋለሁ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለልጄም ቢሆን ማንም ከድርሻው አይቀንስም። ተቀየሙኝ፤ ግን ተንፍሱ።»