ከእህቴ ደብተሮች የተረፉ ባዶ ገጾች

ይህ በእኛው ቤት የሆነ ነው። ማመን ካቃታችሁ አልፈርድባችሁም... እኔም በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሳሎኑን ጠረጴዛ ሞልታዋለች።

እህቴ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። አስተማሪ ነበረች። ግማሽ ግማሽ የተጻፈባቸው አምስት ደብተሮች ትታ ሄደች።

የሰባት ዓመት ልጇ ሚጣ ደግሞ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ለሐኪም አሳየናት፣ መከርናት፣ ለመንናት... ዝም።

በአፏ እንቢ ካለች በእጇ ታውራ ብዬ ማስታወሻ ደብተር ልሠራላት ተነሣሁ።

ከአምስቱም ደብተሮች ባዶ ባዶውን ገጽ ለቅሜ ቆረጥኩ። ቀላቅዬ ደረደርኩት። ጠርዙን በወስፌ በስቼ፣ ሻማ በቀባሁት ክር ሰፋሁት። ለሽፋኑ ካርቶን ቆርጬ በእህቴ ቀሚስ ለበጥኩት።

እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

"ያንቺ ስፌት እንኳን ወረቀት አዝራርም አይዝ!"

"እማ ደግሞ! አንድ ቀን እንኳ ብታደንቂኝ ምናለ?"

ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ሚጣ ደብተሩን ተቀብላኝ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። እርሳሷን አጋድማ የመጀመሪያውን ገጽ ታጠቁረው ጀመር።

ከጥቁሩ መሀል ነጭ ፊደል ብቅ አለ...

የእህቴ የእጅ ጽሑፍ።

"ምንድነው እሱ?" አለች እናቴ።

"ምንም አይደል። ስትጽፍ እስክሪብቶ ትጫን አልነበር? ከላይኛው ገጽ የታተመ ነው።"

"ልጄ" ይላል።

ሚጣ ገለጠች። ሁለተኛውን አጠቆረች።

"እዚህ"

ሦስተኛው...

"ብቻዬን"

አራተኛው...

"ነኝ"

ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ገጾቹ እኮ የአንድ ደብተር አይደሉም! አንዱ ባለ መስመር፣ አንዱ ባለ ካሬ ነው። በዚህ ተራ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ... ያውም ገና ከአንድ ሰዓት በፊት።

"ንጠቂያት" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "ቶሎ በይ!"

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

ሚጣ አምስተኛውን ገጽ ገለጠች። እርሳሷን አስቀመጠች።

ወረቀቱን ማንም አልነካውም። ግን... ቀስ እያለ... በራሱ ይሰረጉዳል።

"ነይ"

ሚጣ ቀና አለች። ሁለት ወር ሙሉ የናፈቀኝን ድምጿን ሰማሁት።

"እሺ፣ እማዬ።"

ዘልዬ ደብተሩን ነጠቅኳት። ክሩን በመቀስ በጣጠስኩት። ገጾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። እናቴ ሰብስባ ወደ ምድጃው ወሰደቻቸው።

ሚጣን ደረቴ ላይ ለጠፍኳት።

"አለቀ፣ የኔ እመቤት... አለቀ።"

ክንዴ ውስጥ ሆና ኪኪኪ ብላ ሳቀች።

"ምን ሆንሽ?"

"ይኮረኩረኛል፣ አክስቴ።"

እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ማንም አልነካትም። ለስላሳው ቆዳዋ ግን... ከክርኗ ጀምሮ... ፊደል በፊደል እየሰረጎደ ወደ መዳፏ ይወርዳል።