የሙርታን ትከሻ

የሐመልዳር መንግሥት ታላቁ ነጋሪት ማንም ሳይነካው በጠራራ ፀሐይ ተሰነጠቀ። ቆዳው ራሱን በራሱ እየወጠረ ሄዶ በመጨረሻ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። በዚያው ሳምንት ኩርምታ የተባለው በሽታ አገሩን ወረረው። መጀመሪያ የእግር ጣት ይጨብጣል፤ ከዚያ ባት ይኮማተራል፣ ወገብ ይቆለፋል፣ ጀርባ እንጨት ይሆናል። ደረት ላይ የደረሰ ዕለት ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።

ንጉሥ ኤርሞን ራእይ ተርጓሚዎቹን ሰብስቦ ጠየቀ። እነሱም በሰሜን ተራራ ሥር የተኛው ሙርታን እንደነቃ፣ ሥቃዩም በምድር ውስጥ ተጉዞ በሰው እግር እንደሚገባ ነገሩት። ሙርታን በመጀመሪያው ንጉሥ ጦር ተወግቶ ሞተ ተብሎ ሦስት መቶ ዓመት የተዘፈነበት ግዙፍ ፍጡር ነው። ከዘፋኞቹ አንዱም ሬሳውን ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም ነበር። ዘፈን እንዲህ ነው፤ ዜማው ካማረ ምስክር አይፈልግም።

ናርዳ የወጌሻ ልጅ ናት፤ ራሷም ወጌሻ ናት። የሐመልዳር ወጌሾች የሚመሰገኑት በሕመምተኛ ጩኸት ነበር። ጩኸቱ ሦስተኛው አጥር ካልደረሰ ጎረቤት «የእገሌ እጅ ሰንፏል» ብሎ ያማል። ከመንደሩ ሁሉ እናቷ ኬርማ ብቻ በዚህ አትስማማም። ጡንቻ የፈራ ሰው ነው፣ በጨበጡት ቁጥር ይሸሻል እያለች፣ በዘይት በሞቀ እጇ ዝግ ብላ ታሽ ነበር። ከእሷ ዘንድ የመጣ ሰው እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ወጌሾቹም በዚህ ይስቁባታል።

ኩርምታ ኬርማን የያዛት ጊዜ ናርዳ ደነገጠች፤ ድንጋጤም የእናቷን ትምህርት አስረሳት። እንደ ወጌሾቹ ማኅበር ወግ በክርኗና በጉልበቷ ተጭና የእናቷን ወገብ ደቆሰችው። ኬርማ ጥርሷን ነከሰች። በማግሥቱ ወገቧ ላይ የነበረው ድርቀት የጎድን አጥንቷ ላይ ወጥቶ ተገኘ። የማኅበሩ ሽማግሌዎች «ከበሽታው ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ብለው አጽናኗት። ናርዳ ግን የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የገዛ እጆቿን ጠላቻቸው።

በዚያው ሰሞን ንጉሡ ሙርታንን እንዲገድል አዝማች ጎርዳምን አዘዘ። አዝማቹ ሽማግሌ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ከተቆለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጠዋት ጠዋት ካልታሸ ሰይፉን ከወገቡ በላይ አያነሳም። አብሮት የሚሄድ ወጌሻ ተፈለገ። ወደ ሰሜን የሄደ አልተመለሰምና ሁሉም አመካኘ። ናርዳ ብቻ ፈቀደች። እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጠችና ጆሮዋን ደረቷ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን አዳመጠች። ድርቀቱ ደረቷን እስኪዘጋው ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

መንገዱ ሰባት ቀን ፈጀ። ያለፉበት መንደር ሁሉ ዝም ያለ ነው፤ ሰዎች በየደጃፋቸው ጉልበታቸውን ታቅፈው ደርቀዋል፤ ቀባሪም ጠፍቷል። ጎርዳም በመጀመሪያው ጠዋት ወታደር ነኝና ሳትሳሺልኝ ተጫኚኝ ብሎ ነበር። እሷ ግን የሰሊጥ ዘይቱን በእጇ አሙቃ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈችና ትንፋሹ እስኪረጋ ጠበቀች። ሁለት ቀን ፈለገች። በሦስተኛው ጠዋት የትከሻውን ቁልፍ ከትከሻው ራቅ ብሎ፣ በአሮጌ የቀስት ጠባሳ ሥር፣ ከጎኑ አገኘችው። እሱን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ስታላላው ክንዱ ሞቀ፤ በአምስተኛው ቀን እጁን እስከ ጆሮው አነሳ። በስድስተኛው ጠዋት ዓይኑ በእንባ ቀልቶ ቀረበና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላገኘውን እንቅልፍ እንዳገኘ ነገራት። ምን እንዳደረገችውም ጠየቃት።

«እኔ የጨመርኩልዎ የለም፣ ጌታዬ። ደምዎ መንገዱን አገኘ፣ እርስዎም መፍራት ተዉ።»

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ከሸለቆው ደረሱ። ሣሩ ሳይቀር ተጠቅልሎ ደርቋል። ሙርታን ጎኑን ለሰማይ ሰጥቶ፣ ጉልበቶቹን ደረቱ ላይ አጥፎ ተኝቷል፤ የሚያህለው ኮረብታ ነው። ሲያቃስት መሬቱ በእግራቸው ሥር ይጨብጣቸዋል። ናርዳ ባየችው ጊዜ ያሰበችው እናቷን ነው። ልክ እንደዚህ ተኝታ ነበር የተለየቻት።

ወጣችበት። በትከሻው አጥንት ሥር፣ ሥጋ ውጦት ጫፉ ብቻ የቀረ የጦር ዘንግ አየች፤ ዘንጉ ላይ የመጀመሪያው ንጉሥ ማኅተም አለ። ጎርዳም ከታች ሰይፉን መዝዞ ወደ ሙርታን ጉሮሮ ሲያመራ ሮጣ ወረደችና ከፊቱ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህ ፍጡር አልረገመንም፤ ታሞ ነው። እኛው የወጋነውን ነው የሚያቃስተው። ቢገድሉት ሥቃዩ ደርቆ በምድር ውስጥ ይቀራል፤ የእናቴም ደረት አይከፈትም። ጀምበር እስክትጠልቅ ይስጡኝ። ካልተፈታ እርስዎም ይምቱ፣ እኔም አልከለክልዎም።»

«በንጉሡ ፊት፣ በአባቶቼ አጥንት ምያለሁ፣ ልጄ» አለ ጎርዳም። «መሐላ የበላ ሰው በሐመልዳር መቃብር የለውም፤ ይህን ታውቂያለሽ።» ከዚያም ትከሻውን በግራ እጁ ዳበሰ። ቆይቶ ሰይፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እስክትጠልቅ» አለ።

ናርዳ ከጦሩ ርቃ፣ ከወገቡ ጀመረች። ዘይቱን አፍስሳ መዳፏን አሳረፈችና ያንን ረጅም ትንፋሽ ጠበቀች። ቆዳው ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው በጣቶቿ ገብቶ አንጓዋን ያዘ፤ ከፍጡሩ የምታላላው ድርቀት ወደ እሷ እየመጣ እንደሆነ ገባት። በቀትር ጣቶቿ መታጠፍ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ በመዳፏ ታሽ ነበር። ከሰዓት ጀርባው ተለቀቀ፤ አንድ ጉልበቱ ከደረቱ ወረደ። ትከሻው ላይ ስትደርስ ከአንጓዋ በታች ያለው እጇ ለእሷ የሌላ ሰው እጅ ሆኖባት ነበር።

ጦሩን የያዘው ጡንቻ ተከፍቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን ብታነሳ ምናልባት ይተርፍላታል፤ ጡንቻው ግን ተመልሶ ይነክሳል፤ ዳግመኛም አይከፈትም። ናርዳ ፈራች። እጅ የሌለው ወጌሻ ምን ይሆናል? ሌላ ሙያ አታውቅም፤ ያለ እጇ ማን እንደሆነችም አታውቅም። አለቀሰች፤ እያለቀሰች መዳፏን ባለበት አጸናችው፤ ጎርዳምንም ጦሩን እንዲነቅል ለመነችው።

ጀምበሯ ከተራራው ጫፍ ደርሳለች። አዝማቹ ሰይፉን እዚያው ትቶ ወጣና ዘንጉን በሁለት እጁ ጨበጠ። ዘጠኝ ዓመት ያልታዘዘለት ትከሻ ታዘዘለት፤ ጦሩ ተነቀለ። ሙርታን የሦስት መቶ ዓመት ትንፋሹን ለቀቀ። እግሮቹን ዘረጋ፣ ደረቱ ሰፋ፤ ከዚያም እንደማንኛውም የደከመ ፍጡር እንቅልፍ ወሰደው። ከሩቁ መንደር የሰው ድምፅ ተሰማ።

ጎርዳም ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም። መሐላውን በልቷልና ድሉን የሚያበስርበት አደባባይ የለውም፤ ናርዳን እስከ መንደሯ መግቢያ ሸኛትና በመጣበት ተመለሰ። ንጉሡ ግን በሽታው አገሩን ሲለቅ ድሉን በራሱ ስም አስዘፈነ። እንደ ልማዱ ምስክር አልተጠራም።

ኬርማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ ነው ናርዳ የደረሰችው። ደረቷ ይወጣል፣ ይገባል። ናርዳ እናቷ ጉልበት ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት፤ ስለ ክርኗና ስለዚያ ቀን ሁሉንም ተናገረች።  እናቷ የልጇን እጆች አንስታ አገላብጣ አየቻቸው፤ ዘይት አመጣችና ከአንጓዋ ጀምራ ዝግ ብላ ማሸት ጀመረች።

«እዚህ ጋ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል እማ። ሞቀኝ።»

ኬርማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕመማቸውን የሚደብቁ ሰዎችን ያሸች ሴት ናት። ልጇ እንደዋሸቻት ገባት። ዘይቱን ጨመረችና ማሸቷን ቀጠለች።