ከምስማሩ የወረደው ሻማ

ወይን ለቀማው ባለቀበት ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ኦቢን ማርሶ ከብስክሌት መንገዱ ዳር ሞቶ ተገኘ። በግንባሩ ተደፍቷል። ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል፣ የፊት ፍሬኑ ሽቦም ለሁለት ሆኗል። ያገኘው ብስክሌቱን ያከራየው ፍሎራን ቴቬኖ ነው። ጣት የተቀሰረውም በእሱው ላይ ሆነ።

ሳጅን ሶላንዥ ፔርኔ ሩቅ አልነበረችም። የመንደሩ ልጅ ናት፤ አባቷም ወይን አምራች ነበር። የዚያን ቀን እረፍት ወጥታ በወይን አምራቾቹ በቡሳሮች ቤት ገበታ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመጨረሻው ጋሪ በአበባ ተሸልሞ ሲገባ፣ አንድ ቅርጫት እንኳ የቆረጠ ሁሉ አብሮ ይበላል። ገበታው የሚዘረጋው ወይን በሚጨመቅበት ጎተራ ውስጥ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮት የለውም፣ በቀትርም ሻማ ይፈልጋል። ሻማዎቹ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ተሰክተው ነበር። አንዱ ብቻ አጭርና ወፍራም ስለሆነ አልገባ ብሎ ሳህን ላይ ቆሟል። ሶላንዥ አይቧን የቆረጠችው በእሱ ብርሃን ነው። ኦቢን ፊት ለፊቷ ሆኖ ይስቅ ነበር። ጡረታ የወጣ የፓሪስ መምህር ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየመከሩ እየመጣ ኮረብታውን በብስክሌት ይዞራል፣ በመጨረሻው ቀንም ወይን ይቆርጣል።

ሻምበሉ በስልክ አጭር ነበር። «የተበላሸ ፍሬን ያከራየ ሰው ነው። ነገ ማታ ይታሰራል።»

«እስከዚያ ይስጡኝ» አለች።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ግንባሩ ተሰንጥቋል፣ ደም ግን የለም፤ አስፋልቱም ላይ የለም። በሕይወት ያለ ሰው ግንባሩ ሲሰነጠቅ እንደ ምንጭ ነው የሚፈሰው። የሱሪው ጉልበት በወይን ጭማቂ ርሷል፣ ተርቦች ከላዩ አልነሳ ብለዋል። ብስክሌቱ ላይ ግን አንድም ተርብ የለም። ሽቦውን አየችው። ያረጀ ሽቦ ሲበጠስ ጫፉ እንደ መጥረጊያ ይበተናል። ይሄ ልሙጥ ነው፣ በወይን መቀስ የተቆረጠ። የወይን መቀስ ደግሞ የዚያን ቀን በሁሉም ኪስ ውስጥ ነበር፣ በራሷም ኪስ።

ሃያ እርምጃ ወጣ ብሎ፣ የእርሻው መንገድ የብስክሌቱን መንገድ በሚያቋርጥበት፣ መኪና እንዳይገባ የሚከለክለው የብረት ምሰሶ ቆሟል። የሚያብረቀርቀው ቀለሙ ወደ መንገዱ መዞር ሲገባው ወደ ወይኑ ዞሯል። አንድ ሰው ነቅሎ ሲመልሰው አዙሮታል።

ፍሎራንን ከሱቁ ደጃፍ ጎማ ታቅፎ አገኘችው።

«ሽቦው አርጅቶ ነበር» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ከለቀማው በኋላ እቀይረዋለሁ እያልኩ። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ማዳም ሶላንዥ።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ሚስቴ በኅዳር ትወልዳለች። ልጁ አባቱን እስር ቤት ሊጠይቅ ነው የሚመጣው።»

«አፍህን ያዝ። ኦቢን ከገበታ ስንት ሰዓት ተነሳ?»

«ስምንት ተኩል ግድም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ብስክሌቱን በዘጠኝ ተኩል ልቀበለው ነበር፣ ሲዘገይ ፍለጋ ወጣሁ።»

«ይሄን ያልከኝን ለሻምበሉ አልነገርክም?»

«ነግሬዋለሁ። ገደልኩ ብዬ ነው የነገርኩት።»

«ጅል» አለችው፣ ግን በለሆሳስ።

ኢቬት ከሊዮን መጥታ የእንግዳ ማረፊያ ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነው። የኦቢንን አልጋ አንሶላ እየገፈፈች ነበር።

«ዘጠና ኪሎ ነኝ» አለች። «በየጠዋቱ ዳቦ ላመጣ በዚያ መንገድ በብስክሌት እሄዳለሁ። ፔዳሉን ካልረገጥኩ ብስክሌቴ ቀጥ ነው የምትለው። ከየትኛው ቁልቁለት ላይ ነው የተከሰከሰው?»

«እኔም የምለው እሱን ነው።»

«ምስኪን። ወጡን ሁለቴ አስጨምሮ ነው የበላው። አንቺ ደግሞ ከአይቡ አምስት ጊዜ ቆረጥሽ።»

«አራት።»

«አምስት። በሻማው ብርሃን አይቼሻለሁ። ለዚያች ሻማ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቅ። ጠርሙሱ ሰባት፣ የገዛሁት ስድስት። ደጃፍ ላይ ተንጠልጥላ ባላገኛት ኖሮ በዳበሳ ትበዪ ነበር።»

ሶላንዥ የአንሶላውን ጫፍ ይዛ ቀረች። «የቱ ደጃፍ ላይ?»

«ከጎተራው ኋላ፣ ወደ ምድር ቤቱ የሚያስወርደው። ምስማር አለ አይደል? ምነው፣ ፊትሽ ተለወጠ?»

ሶላንዥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ቡሳር ቤት ስትደርስ የቤቱ ልጅ ሬሚ ጋሪውን ያጥባል። አብረው የተማሩ ናቸው። እናቱ ክሎቲልድ ከደጁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ትራክተር ከወንድ እኩል ትነዳለች።

«ኦቢን ሲነሳ ምን አላችሁ?» አለች ሶላንዥ።

«ሊሄድ ሲል ምድር ቤት ወርደህ ሦስተኛውን በርሜል ቅመስ አልኩት» አለ ሬሚ ቀና ሳይል። «ሻማ ያዝ ስለው፣ ‹መብራት አለ አይደል?› አለኝ። ‹የፓሪስ ሰው ሁሌ ተማሪ ነው› ብዬ ሳቅሁበት። ሁሉም ሳቀ። አንቺም ስቀሻል።»

«ስቄያለሁ።»

«አልወረደም» አለች ክሎቲልድ። «ቸኩሎ ነበር። ቁልቁለቱን እንደ ድንጋይ እየተንከባለለ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቁልቁለቱን?»

«አዎ ልጄ። ያ መንገድ ስንቱን ይሰብራል ብዬ ሁሌ እናገራለሁ።»

ሶላንዥ ከምድር ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ምስማር አየችው። ወፍራም ሻማ ተንጠልጥሎበታል። አዲስ ነው፣ ክሩ ገና ነጭ ነው።

በማግስቱ በቀትር ሁሉንም እዚያው በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ከአንድ ሰዓት በፊት የምድር ቤቱን አየር የሚለውጠውን ማራገቢያ አስጠፍታለች። ሻምበሉ እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆሟል። ፍሎራን ከግንቡ ተጣብቋል።

«ይህ መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር» ብላ ጀመረች። «ኮረብታችን ፍየል ያስለፋል፣ ባቡር ግን ዳገት አይችልም። ስለዚህ አባቶቻችን ኮረብታውን ቆርጠው ሸለቆውን ደልድለው ሜዳ አደረጉት። እዚያ ላይ ፍሬን የተበጠሰበት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቆማል። ኢቬት ታውቀዋለች። ፍሎራንም ያውቀዋል፣ ጸጸት አስረሳው እንጂ። ሬሚ በልጅነቱ በዚያ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሰው። ቁልቁለት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ከወይኑ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያየው፣ በትራክተር የሚያቋርጠው፣ በሕይወቱ ብስክሌት ላይ ያልወጣ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ክሎቲልድ አልዞረም። ሁሉም ግን ሰምቷል።

«ሬሳው ደም አልነበረውም፤ ሞቶ ነው የተጣለው። ጉልበቱ በወይን ጭማቂ ርሷል፤ የወይን ጭማቂ ባለበት ወለል ላይ ተንበርክኳል ማለት ነው። ምሰሶው ተነቅሎ ተመልሷል። በዚያ ጫፍ ያለውን ምሰሶ የሚከፍተው ቁልፍ አንድ ነው፣ እሱም እዚህ ቤት ነው። ኦቢን ከሄደ ወዲያ ሬሚ ከገበታው አልተነሳም፤ አጠገቤ ሆኖ ሲዘፍን ነበር።»

ክብሪት ጫረችና ሻማውን ለኮሰች። በሩን ከፍታ ደረጃውን ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛው ላይ እሳቱ ቀጠነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሳ ወጣች።

«ወይን ሲፈላ የሚያወጣው ጋዝ ከምድር ቤት አየሩን ያባርረዋል። አይሸትም፣ አይታይም። ስለዚህ እዚህ አገር ሻማ ሳይይዝ የሚወርድ የለም፤ እሳቱ ሲጠፋ ሰው ይሮጣል። ኦቢንም ሻማ ያዝ ተብሏል፣ ለምን እንደሆነ ግን የነገረው የለም። መጣ፣ ምስማሩን አየ፣ ባዶ ነው። ተመልሶ ሻማ ስጡኝ እንዳይል ቅድም ተስቆበታል። የኤሌክትሪኩን መብራት አብርቶ ወረደ።»

ኢቬት አፏን በመሃረብ ያዘች። «እኔ ነኝ» አለች። «ሻማዋን እኔ ነኝ ያወረድኳት። ለጌጥ መስላኝ።»

«ማራገቢያውስ?» አለ ሻምበሉ።

ሬሚ ግንቡን ተደገፈ። «ጩኸቱ ዘፈኑን ረበሸን። ገና ኦቢን ሳይነሳ፣ ለአንድ ዘፈን ብዬ አጠፋሁት። ከዚያ ሌላ ዘፈን ተጀመረ።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ አልወረደም ብለሽኛል እኮ።»

ክሎቲልድ እጇን በሽርጧ ላይ ታሻለች።

«አይብ ላወጣ መጥቼ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘሁት» አለች በመጨረሻ። «ከታች ተንበርክኮ ነበር። ማራገቢያውን አበራሁ። በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ብገባ እኔም እሞታለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ጠበቁ?»

«ሩብ ሰዓት ይሆናል።»

«ሃያ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ እየዘፈነ፣ አልጮኹም?»

«ማራገቢያውን ያጠፋው ማን እንደሆነ አውቄ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ከዚያ በቅርጫት ማንሻው አውጥቼ፣ ከነብስክሌቱ ትራክተሩ ላይ ጭኜ፣ ሸራ አለበስኩት። ግንባሩንም...» አልጨረሰችውም።

«ከዚያ ወዲያ ሩብ ሰዓቱን ማን ይመልሰዋል?» አለች ሶላንዥ። «ሐኪሙን ጠየቅሁት። ወዲያው ሞቶ ይሁን ቆይቶ፣ መለየት አልቻለም።»

«እኔም አልቻልኩም፣ ልጄ።»

«ስለ ፍሎራን አላሰቡም?»

ክሎቲልድ ወጣቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «አሰብኩ እንጂ። ወጣት ነው፣ ያልፍለታል አልኩ። ሚስትህ እርጉዝ መሆኗን አውቃለሁ፣ ለሕፃኑ የሹራብ ካልሲ ጀምሬላት ነበር። እያወቅሁ ነው ሽቦውን የቆረጥኩት።»

ሬሚ ሄዶ ከእናቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አልነካትም።

ማታ ሶላንዥ ጽሕፈት ቤት ተቀምጣ ሪፖርቷን ጻፈች። ጽሑፍ አይሆንላትም፤ እንደምትናገረው ነው የምትጽፈው። ሻምበሉ ከትከሻዋ በላይ ያነባል።

«ኢቬት ሻማውን ከምስማሩ አወረደች። ሬሚ ቡሳር ማራገቢያውን አጠፋ፣ ሟቹንም አላገጠበት። ክሎቲልድ ቡሳር ሳትጮህ ጠበቀች፣ ሬሳውን አነሳች፣ ሽቦውን ቆረጠች። ፍሎራን ቴቬኖ ምንም አላደረገም።»

ከዚህ በታች አንድ መስመር ጨመረች። «ሶላንዥ ፔርኔ፣ የወይን አምራች ልጅ፣ እንዲህ ያለው ሻማ የት እንደሚሰቀል ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቅ፣ ሻማው ፊቷ ሳህን ላይ ሲነድ በብርሃኑ አይብ እየቆረጠች ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም።»

«ይሄን ሰርዢው» አለ ሻምበሉ። «ወንጀል አይደለም።»

«ወንጀል ነው አላልኩም።»

«ታዲያ ሰርዢው።»

«አልሰርዝም» አለችና ፈረመች።