የእትዬ ሠርኬ ሳሎን

ይገረም የቤት ማስዋብ ሥራ ቢሮዬ የገባው ወንበር ላይ ቆሜ ከመጋረጃ ዘንግ ጋር ስታገል ነው።

«ሐሙ፣ ልያዝልሽ?»

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ከራጉኤል ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር አድገናል። ግቢው ሲፈርስ ተበታተንን። ሰባተኛ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ እንደከፈተ እሰማለሁ፤ በዚያ ሳልፍ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ፀጉሬን አስተካክላለሁ።

«ቤት አሳምሪልኝ» አለኝ ዓይኑን እያሸሸ። «ሞቅ ያለ፣ ዛሬ አምሮ ነገ የማያረጅ... እንደ ድሮው ቤታችን።»

«ለመቼ?»

«ለፋሲካ ብትደርሽልኝ።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ሁዳዴ ተጋምሷል። በእኛ ሰፈር ወንደላጤ በጾም ቤቱን ቀለም ካስቀባ፣ ጾሙ ሲፈታ ሙሽራ ሊያስገባ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም። ክብሬ አልፈቀደማ።

«እሺ» አልኩት። «ሥራ ሥራ ነው።»

አዲሱ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ ክሊኒክ የመሰለ። ግራጫ ሶፋና የጂፕሰም ኮርኒስ ያለበት ዲዛይን ሠርቼ አሳየሁት። አየና መለሰልኝ።

«ያምራል። ግን ሐሙ... የቤታችን ግድግዳ ታችኛው ግማሽ ምን ቀለም ነበር?»

«አረንጓዴ። የዘይት ቀለም። ተደግፈን ስናጠና ጀርባችንን ይቀዘቅዘን ነበር።»

«ብፌውስ?»

«ከበሩ በስተግራ። ላዩ ላይ ሬዲዮ፣ ሬዲዮው ላይ እናትህ የሠሩት ዳንቴል።»

«አየሽ» አለ በቀስታ። «ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ።»

ዲዛይኔን ጣልኩትና ከትዝታ መሥራት ጀመርን። ብፌ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ገባን። ይገረም ጋሪ ሊጠራ ሲሄድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ባህረዲን ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ ሙሽራ በአሮጌ ብፌ ትገባለች እንዴ?»

«ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም» አልኩት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ቆጣ ብሎ ወጣ። ምን አጠፋ ሰውዬው?

አምፖሎቹን ቢጫ አደረግኋቸው። መቀመጫዎቹን አቀራረብኳቸው፤ የዚያ ቤት ሙቀት ሰው ከሰው መጠጋጋቱ ነበር። ለሌላ ሴት እየሠራሁ የራሴን ልጅነት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ቀናሁ። በጣም ቀናሁ።

የሆሳዕና ዕለት ሥራው አለቀ። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«በል፣ ለሙሽራህ የደስታ ቤት ይሁንላት።»

«ለማን?»

«ለምታገባት ነዋ።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ሐሙ፣ ቤቱን የሠራሽው ለእማዬ ነው።»

እናቱ እትዬ ሠርኬ የማስታወስ ችሎታቸው ደክሟል። ይህን ቤት ቤቴ ብለው አልተቀበሉትም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላቸውን ለብሰው «በሉ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ሥራው እስኪያልቅ እህቱ ምስራ ጋ ነበሩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ግቢውን ሁሉ የምታዝ ሴት ነበረች። አንቺ እንኳ እንድታዝኚላት አልፈለግሁም።»

ከሰዓት በኋላ ምስራ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። በሩ ላይ ቆሙ። አረንጓዴውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወደ ብፌው ሄደው የተጣመመውን ዳንቴል አቃኑ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ወደድሽው?» አለ ይገረም ተንበርክኮ።

«ቀለም ቀቢው አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ» አሉት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሳቸው ግን እኔን አዩኝ፣ ፈገግ አሉ።

«ሐመልማል፣ እንዳትሄጂ። ይገረም ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ጠብቂው። አንቺ ከሄድሽ ያ ልጅ እህል አይቀምስም።»

«እሺ፣ እትዬ ሠርኬ።» እንባዬ ቀደመኝ።

በረንዳው ላይ ተከትሎኝ ወጣ።

«እውነታቸውን ነው?» አልኩት።

«ያኔም፣ ዛሬም። ሽማግሌ ልልክ ሳስብ እማዬ እንዲህ ሆነች። ይህን ሸክም ይዤ እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?»

«መቻል አለመቻሌን እኔ አይደለሁም የማውቀው?»

ዓይኑ ሞላ።

«ላክ» አልኩት።

ግንቦት ላይ ተጋባን፤ እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ቤተሰብ ብቻ ተጠርቶ። እትዬ ሠርኬ ቬሎዬን እየነካኩ ጠጋ አሉኝ።

«ሙሽራው ማነው፣ ልጄ?»

«ልጅዎ ነው። ይገረም።»

ሙሉ ልብስ ለብሶ የቆመውን ሰው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«የእኔ ልጅ ከሆነ አታዝኚበትም» አሉኝ። «እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»