ክፍት የማያድር ጥርስ

ሽማግሌው የጥርስ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ በሽተኞቹን ሲያስተኛበት በኖረው ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ላይ ጨርቅ፣ ጭኑ ላይ የክሎሮፎርም ማደንዘዣ ባዶ ጠርሙስ ነበር። ጠዋት ክሊኒኩን ልትከፍት የመጣችው ረዳቱ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ፖሊስም ደረሰ። ፖሊሶቹ ግራ ቀኙን አዩና «ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁ የራቀችው ሰው ነው፤ በገዛ እጁ ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ተነሡ። ወይ ጉድ! ብቸኛ ሰው ሲሞት ለምን ብሎ የሚጠይቅለት እንኳ አይኖርም።

ደግነቱ የተላከችው መርማሪ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። እሷም ብቻዋን ኗሪ ናት፤ ምሳዋን የቢሮዋን በር ዘግታ ነው የምትበላው። «ብቸኝነት ብቻውን የሚገድል ቢሆን እኔን እስካሁን አፈር በበላኝ ነበር» አለች በሆዷ፣ ጨርቁንም ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

የጨርቁ አንድ ጫፍ ተጨማዷል፤ የጥርስ ምልክትም አለበት። አፍ ውስጥ ተጠቅጥቆ ነበር ማለት ነው። እዚያው ጫፍ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንደ ማስቲካ የተለጠፈ ነገር አገኘች። አስከሬኑን የሚመረምረው ሐኪም አፉን ሲከፍትላት፣ ከታች አንዱ መንጋጋ ጥርስ በነጭ ነገር ተሞልቶ አየች።

«ይህን እኔና አንተ ብቻ ነን ያየነው» አለችው። «አደራህን።»

የሟች ልጅ ከምትኖርበት ከተማ ደርሳ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ስልኳን ጨብጣ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ትናንት አመሻሹ ላይ ደወለልኝ» አለች። «አላነሳሁም። እኔ ጋ መጥተህ ኑር ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት፤ እንቢ ሲለኝ ተኳርፈን ነበር። ሊሰናበተኝ ነው የደወለው አይደል? አንስቼው ቢሆን አይሞትም ነበር።»

 መርማሪዋ፣ ነገሩ እንዲሁ ከተዘጋ ይህች ልጅ ያልተነሣ ስልክ ተሸክማ እንደምትኖር ገባት። ከዚያ በኋላ ሥራው የመዝገብ ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

የሟችን ረዳት አስቀድማ ጠራቻት።

«ትናንት እኔ ቀድሜያቸው ነው የወጣሁት። ጥርሳቸውን ነዝሯቸው ነበር፤ ሽርካቸው በቀደም ዕለት በሮዙ ሙጫ ደፈኑላቸው፣ ለጊዜው። ‹ነገ ደግሞ ዋናውን እንሞላዋለን› ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ሌላ አላውቅም፣ እናቴ ትሙት!»

ቀጥሎ የገባው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው የክሊኒኩ ባለሙያ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ነጥቷል፤ ሲናገር ይቆጣል።

«አዎ ተጣልተናል! እሳቸው የሚጣሉት ካጡ ከመስታወት ጋር የሚጣሉ ሰው ናቸው። ግን እኔ የምሠራው ጀሶ ላይ ነው፤ ከሰው አፍ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ምራቅ ሳይ ያጥወለውለኛል፣ ይሳቁብኝ ካሻዎት።»

መርማሪዋ አልሳቀችም።

በመጨረሻ የሟች ሽርካ የሆነውን ሐኪም አነጋገረችው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁ የለዘበ ሽማግሌ ነው። ከሟች ጋር አንድ አስተማሪ ነው ያስተማራቸው፤ ክሊኒኩንም አብረው ነው የከፈቱት።

«ጥርስ ሐኪም ክሎሮፎርም ምን ያደርግለታል?» አለችው።

ፊቱ በራ። የሚጠይቀው ሰው ካገኘ የቆየ ይመስላል። ሦስት ትናንሽ ብርጭቆዎች ደረደረ፤ በአንዱ ውኃ፣ በአንዱ አልኮል፣ በሦስተኛው ክሎሮፎርም ቀዳ። በየብርጭቆው ከሮዙ ሙጫ ቁራጭ ጣል አደረገ።

«ይህ ከዛፍ ወተት የሚሠራ ነው። ውኃ ምንም አያደርገውም፤ አልኮልም እንደዚያው። ሦስተኛውን ይመልከቱ።» ቁራጩ ጠርዙ ላላ፣ ከዚያ ተዝለገለገ። «የድሮ ሙሊት ከጥርስ ሥር ለማውጣት ስንፈልግ በዚህ እናሟሟዋለን።»

«ሲሟሟ ጥርሱ ክፍት ይቀራላ?»

«ለደቂቃ ነዋ! ወዲያው ይደፈናል። አስተማሪያችን ‹ክፍት ጥርስ አሳድሮ እንቅልፍ የሚወስደው ሐኪም ሥራውን ይተው› ይሉን ነበር። እኔ አንድም ቀን አሳድሬ አላውቅም።» ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ። «ምሳ በልተዋል? ብቻዬን መብላት አይሆንልኝም።»

ወደደችው። ሰውየውን በእውነት ወደደችው፤ ለዚህም ነው ምሳውን እንቢ ብላ የወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ራሱን ገደለ ተብሏል» ብላ ጀመረች። «እንግዲያው ጨርቁን አፉ ውስጥ ማን ጠቀጠቀው? ራሱን ለማደንዘዝ የፈለገ ሰው አፍንጫው ላይ ቢያደርገው ይበቃዋል። አፉ ውስጥ ጨርቅ የሚጠቀጠቅበት የሚጮህ ሰው ነው።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ጨርቁ በክሎሮፎርም ርሷል፤ ያለሰለሰው ሮዝ ሙጫም ተለጥፎበታል። ጨርቁ ከአፉ ሲወጣ ሙጫው አብሮ ተነቀለ።» ወደ ሽርካው ዞረች። «እንግዲህ ዶክተር፣ እርስዎ የሠሩት ጥርስ ነው ክፍት ያደረው። ያውም የጓደኛዎ። ያሳፍራል።»

«ክፍት አላደረም» አለ ሐኪሙ።

«ሙጫውማ ጨርቁ ላይ ነው።»

«በጥርስ ሲሚንቶ ተደፍኗል አልኩዎት! በሚገባ ተ…»

 ረዳቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ተደፍኗል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ግን ይህን የምናውቀው እኔና አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ብቻ ነበርን። ነጩ ሲሚንቶ የገባው ሙጫው ከተነቀለ በኋላ፣ ማለት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሙሊቱ ከጥርሱ በላይ ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ንክስ አድርግ የማይባል ሰው አፍ ውስጥ ነዋ የተሞላው። ገዳዩ ጨርቁን ሲያወጣ ክፍት ጥርስ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎ ይሸሽ ነበር። እርስዎ ግን አልቻሉም።»

ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረና እንደ ሌላ ሰው እጅ አያቸው።

«ዋናውን ሙሊት ልሙላልህ አልኩት» አለ። «አፉን ከፈተልኝ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። አምኖኝ።»

«ለምን ጋሼ?» አለች ልጅቷ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንደዚያ ነው። «ምን አደረገህ?»

«ሊሄድ ነበራ! ዕድሜ ልካችንን ምሳ አብረን በላን። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ እሱ ነበረኝ። ትናንት ‹ክሊኒኩን እንዝጋው፣ እኔ ልጄ ጋ ሄጄ ልኑር› አለኝ። እየሳቀ! ወዲያውም ላንቺ ደወለ። ከማን ጋር ልብላ? ከማን ጋር?»

 መርማሪዋ የተዘጋው የቢሮዋ በር ታወሳት፤ ሐዘኑ ገባት፤ ስለገባትም በራሷ ተናደደች። ስንቱ ብቻውን ይበላል፤ ሰው ግን አይገድልም። ፖሊሶቹን ጠራችና ወሰዱት።

ረዳቷና ጥርስ ሠሪው ተደጋግፈው ወጡ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ሊሰናበተኝ አልነበረም የደወለው?»

«አልነበረም ልጄ። እሺ ሊልሽ ነበር።»

«እመጣለሁ ሊለኝ?»

«እመጣለሁ ሊልሽ።»

ይህን ጊዜ ነው ልጅቷ ያለቀሰችው። አባቷን ከነበረበት ብቸኝነት ያወጣችው እሷ ናት፤ የገደለውም ያ መውጣቱ ነው። መርማሪዋ ይህን ልትነግራት አልደፈረችም፤ ልጅቷም ሳይነገራት አወቀችው።

«እንኳን ለመንሽው» አለቻት መርማሪዋ። «ሰው የሚፈልገው እንዳለ አውቆ ነው የሞተው።»

ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠችና አብራት አለቀሰች።