መርዶ ይዘው በበረዶ

ሹፌሩ ንጉሡ ቶዮታውን ከዲሲ አጠገብ ካለችው አሌክሳንድሪያ አስወጥቶ ወደ ደቡብ ሲያቀና ጎህ እየቀደደ ነበር። ከጎኑ ጋሽ ገብረሥላሴ ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ነጠላቸውን በፌስታል ሸሽገው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ አብርሆት በር ላይ ቆመው «ስትደርሱ ደውሉልኝ» ብለው ሸኝተዋቸው ነበር።

የሚሄዱት መርዶ ሊያረዱ ነው። የንጉሡ የአክስት ልጅ ታዴዎስ አዲስ አበባ ውስጥ በድንገት ሞቷል። ብቸኛ እህቱ ሰርክአዲስ የምትኖረው ሰሜን ካሮላይና ገጠር፣ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይዞ፣ ቤቷ ገብቶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ነው እንጂ።

ሬዲዮው ደቡቡን በረዶ እንደሚመታው ሲለፈልፍ ንጉሡ ሳቀ።

«ሃያ ዓመት የዲሲን ስኖው የነዳሁ ሰው ነኝ፣ ጋሼ። የካሮላይና በረዶ ምን ያመጣል?»

ያመጣውን አየው። ሪችመንድን እንዳለፉ ሰማዩ ጠቆረ፤ የካሮላይናን ድንበር ሲሻገሩ በረዶው በጎን እየገረፈ መስታወቱን ሸፈነው። በዚያ አገር በረዶ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚጥለው። መንገድ የሚጠርግ መኪና የለ፣ ጨው የሚበትን የለ፣ መንዳቱን የሚያውቅም የለ። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች አስፋልቱ ላይ ተጋድመዋል፤ ሰዎች ከመኪናቸው ወጥተው በሸራ ጫማ ይንሸራተታሉ።

ስልኩ ጮኸ።

«ሰርኬ ናት!» አለ ንጉሡ።

«አታንሳ!» ጋሽ ገብረሥላሴ እጁን ያዙት። «ድምፅህ ያሳብቅብሃል። በስልክ ልትገድላት ነው?»

አላነሳም። ደግማ ደወለች፣ ሠለሰች። በሰባተኛው ንጉሡ ድምፁን አጥፍቶ ስልኩን ኪሱ ከተተው። የሚዋሻት መሰለው።

አውራ ጎዳናው ሲዘጋ በጥድ ደን መሀል ወደሚያልፈው ጠባብ መንገድ ታጠፈ። ቁልቁለቱ ላይ አንዲት አጋዘን ከጫካው ዘላ ወጣች። ንጉሡ ፍሬን ረገጠ፤ መኪናው አልሰማውም። መታት፤ ዞረ፤ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። አጋዘኗ የኋላ እግሮቿ ተሰብረው በፊት እግሮቿ ብቻ ለመነሳት ትታገላለች። ትንፋሿ ይጨሳል፤ ዓይኗ ንጉሡ ላይ ነው። የሚገላግላት ነገር በእጁ አልነበረም።

ከኋላ አንድ ትልቅ ፒክአፕ መጣ። ባለቤቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ልቀቁ ብሎ ጮኸ።

«ሽማግሌ ይዣለሁ! እባክህ ጎትተኝ!» አለው ንጉሡ በእንግሊዝኛ።

ሰውየው መስኮቱን ዘጋ። ንጉሡን ከነጩኸቱ ትቶ በፒክአፑ አፍንጫ ቶዮታውን ገፋው፣ ገፋው፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ጣለው። አጋዘኗንም ሄደባት። ዞሮ እንኳ አላየም።

ቶዮታው አፍንጫውን ሽቅብ አንጋጦ፣ ኋላው በረዶ ውስጥ ተቀበረ። ሞተሩ ግን ይሠራል። ጋሽ ገብረሥላሴ ግንባራቸው ተገጭቷል። ንጉሡ የድንገተኛ አደጋ ስልክ ሞከረ፤ መስመሩ በጥሪ ተጨናንቋል።

«ሦስት ማይል ነው የቀረን፤ በእግሬ ደርሼ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አለ ንጉሡ። «ማሞቂያውን እንዳያጠፉ፤ መስኮትም እንዳይከፍቱ።»

«እኔ ሳልደርስ እንዳትነግራት» አሉት። «ብቻህን አይሆንም።»

ሮጠ። ወደቀ፤ ተነሳ። የገጠመውን ድልድይ በአራት እግሩ እየዳኸ አለፈ። ውርጩ ጣቶቹን ነክሶ ነክሶ አደነዘዛቸው፤ ጆሮው የሌለ መሰለው። ሽፋሽፍቱ በበረዶ ተጣብቆ፣ የሰርክአዲስን በር በክርኑ ደበደበ።

ከፈተችለት። ጥቁር ለብሳለች።

«ትናንት ሰምቻለሁ» አለችው። «ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብለው ለጥፈውት አየሁ። መነሳታችሁን ጠዋት ሰዎች ነገሩኝ። እንዳትመጡ፣ ሮዱ ክሎዝድ ነው ልልህ ነበር የደወልኩት። ለምንድነው የማታነሳው፣ ንጉሡ?»

ንጉሡ በደነዘዘ እጁ ወደ መጣበት መንገድ አመለከተ።

«ጋሼስ?»

«መኪና ውስጥ ናቸው። ይሞቃቸዋል።»

የጎረቤቷ ገበሬ ትራክተሩን አስነሳ። ሦስቱም ተንጠላጥለው ሄዱ። ሲደርሱ ሞተሩ አሁንም ያጉረመርማል። ንጉሡ ወደ መኪናው ኋላ ሲዞር የጭስ ማውጫው የለም፤ በረዶው ደፍኖታል። የዲሲ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፦ መኪናህ በረዶ ከዋጠው መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ጥረግ። እሱ ግን ማሞቂያውን ከፍቶ፣ መስኮቱን አዘግቶ፣ ጭሱን ሽማግሌው ላይ ለቆባቸው ሄዷል።

በሩን ገነጠለው። ጋሽ ገብረሥላሴ ለለቅሶው ተዘጋጅተው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። ንጉሡ አናወጣቸው፣ ጠራቸው፣ በረዶው ላይ አውርዶ ደረታቸውን ደቃ። ገበሬው ባርኔጣውን አወለቀ። ሰርክአዲስ ለወንድሟ ያልጮኸችውን ጩኸት አሁን ጮኸች።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። እትዬ አብርሆት ናቸው።

ሰርክአዲስ አየችው። አታንሳ አላለችውም። ነዘረ፣ ቆመ፣ እንደገና ነዘረ። ንጉሡ በደነዘዘ ጣቱ ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አነሳው።

«ደረሳችሁ ወይ፣ ልጄ?» አሉት።

«እኔ ደርሻለሁ፣ እትዬ» አለ።