ሰባት የላቲን መስመሮች

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መምህር ሚልኪያስ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ተመትተዋል። አምቦ ውስጥ ላቲን የሚያስተምሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ተማሪያቸውም አንዲት ብቻ፣ የዕፅዋት ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪዋ ጃለኔ። ፎቅ ላይ አብራቸው የነበረችው እሷ ናትና ፖሊስ ሳይደክም እሷን ያዘ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ሸዋነሽ ጠየቀቻት። «ስንት ሰዓት ተለያያችሁ?»

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ።» ጃለኔ አላለቀሰችም። ከቅዳሜ ጀምሮ ምንም አይሰማትም ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሥዩም ግን «አራት ሰዓት ላይ ሲወድቁ ሰምቻለሁ» አሉ። «ቢሮዬ ነበርኩ፤ ቦጋለች ምስክሬ ናት።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ቦጋለች ፊቷን አኮሳተረች። «አብሬያቸው ነበርኩ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም። አራት ተኩል ላይ ኦቦ ሥዩምን ትቼ ወጣሁ።»

ሸዋነሽ የጃለኔን ደብተር አገላበጠች። መምህሩ ተማሪያቸው አንድ መስመር አንብባ፣ መጽሐፉን ዘግታ ትርጉሙን በቃሏ ካልተናገረች አያሳልፏትም ነበር። ስታልፍ ይፈርማሉ። ሲጀምሩና ሲጨርሱም ሰዓት ይጽፋሉ። የቅዳሜው ገጽ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ሰባት ፊርማ አለው፤ የማብቂያው ሰዓት ግን አልተጻፈም።

ሦስቱንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። «ጃለኔ፣ ስምንተኛውን መስመር አንብቢልን።»

ልጅቷ አነበበች። መዝገበ ቃላት ገለጠች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳች። የሚያሰለች ነገር ነው፤ አቶ ሥዩም ሦስት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። ጃለኔ መጽሐፉን ዘግታ ትርጉሙን ስትናገር አሥራ ስድስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

«ሆን ብላ ነው የምትጎተተው» አሉ አቶ ሥዩም።

«የሁለት ወር ገጾቿን አይቻለሁ። በሰዓት ከአራት መስመር አልፋ አታውቅም፤ ጀማሪ ናት። አራት ሰዓት ላይ አራተኛው መስመር ላይ ነበሩ ማለት ነው። የሞተ ሰው የቀሩትን ሦስቱን አይፈርምም።»

«ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል።»

«ተሳስተው ምስክር ያለዎትን ሰዓት መረጡ? ያልተሰማ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ምክንያት አለው። ቦጋለች ከወጣች በኋላ ምስክር የለዎትም። በስምዎ ያሳተሙት ጥናት የመምህር ሚልኪያስ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም መሳቢያቸው ውስጥ አግኝተናል። ዛሬ ለኮሌጁ ሊሰጡት ነበር።»

«እንዲተወው ለምኜው ነበር» አሉ አቶ ሥዩም። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ።

«ነፃ ነሽ፤ ሂጂ» አለች ሸዋነሽ።

ጃለኔ አልተነሳችም። «ቅዳሜ፣ አንድ መስመር እንጨምር ብለውኝ ነበር» አለች። «ደክሞኛል ብያቸው ወጣሁ።»